ሰሞኑን ስንት ቀን ነው?

በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ሳነሳ በብዛት የምሰማው ጥያቄ «ውሻዬ ምን ሆነ?» አይደለም። «ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል ወይ?» ነው። መልሱን አላውቅም። ሐኪሟም አታውቅም። አሜሪካ ውስጥ የውሻ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ ሙሉውን ሂሳብ ክሊኒኩ ውስጥ ይከፍላል፣ ደረሰኙንና የውሻውን የሕክምና ታሪክ ይልካል፣ ከዚያ ኩባንያው ካመነበት የተወሰነውን ይመልስለታል። ካላመነበት አይመልስም። ስለዚህ «ይሸፍናል ወይ?» ለሚለው ትክክለኛው መልስ «ከፍለው ሲጨርሱ እንተያያለን» ነው። ይሄንን ለሚያለቅስ ሰው በስልክ መንገር ደስ አይልም።

እኔ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። የዚህን አገር የፈቃድ ፈተናዎች ገና ስላልጨረስኩ በረዳትነት ነው የምሠራው፤ ደም እቀዳለሁ፣ ፋይል እጽፋለሁ፣ የካሳ ፎርም እሞላለሁ። ቢሾፍቱ ስንማር ታካሚዎቻችን ላምና በሬ፣ ጋሪ የሚጎትቱ አህዮችና ፈረሶች፣ የእርባታ ዶሮዎች ነበሩ። ውሻ በዋናነት የሚነሳው በእብድ ውሻ በሽታ ምዕራፍ ነበር፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሕመም እስከ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነውና። አሮጌ ውሻ የሚባል ታካሚ ግን አይቼ አላውቅም። በሬ ሲያረጅ ይሸጣል። ውሻ ሲያረጅ አጥር ጥግ ይተኛል፣ አንድ ቀን አይነሳም፣ በቃ።

እዚህ ስመጣ ከሁሉ የገረመኝ ሀብቱ አይደለም፤ እርጅና ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑ ነው። ውሻ አሮጌ የሚባለው ይኖራል ተብሎ ከሚገመተው ዕድሜ የመጨረሻው ሩብ ውስጥ ሲገባ ነው። ትልልቆቹ ዝርያዎች ቶሎ ያረጃሉ፣ ትንንሾቹ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ የነበረው ምርመራ ሁለቴ እንዲሆን ይመከራል፤ የደም፣ የሽንት፣ የደም ግፊት፣ የጥርስ፣ የመገጣጠሚያ። ብዙ ሰው «ጤነኛ ነው'ኮ፣ ለምን ደም ይቀዳል?» ይለኛል። ክሪያቲኒን የሚባለው የቆየው የኩላሊት ምርመራ ከፍ ብሎ የሚታየው ከኩላሊቱ የመሥራት አቅም ሦስት አራተኛው ገደማ ከጠፋ በኋላ ነው። ውሻ ደግሞ አመመኝ አይልም። ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ሶፋ ላይ መዝለሉን ብቻ ቀስ ብሎ ይተዋል። ባለቤቱ «አድጎ ጨዋ ሆነ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጨዋነት ሳይሆን አርትራይተስ ነው።

ኢንሹራንሶቹም ይሄን ያውቃሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ፖሊሲዎች ውስጥ ግዴታዎች አሉ፦ ውሻው ባለፉት 12 ወራት በሐኪም የታየ መሆን አለበት፣ ክትባቱ ያልተቋረጠ መሆን አለበት፣ የድድ በሽታ እንዲሸፈን ጥርሱ በየዓመቱ መታየት አለበት። ሐኪሙ «ጥርሱ ይጠረግ» ብሎ ከጻፈና ካልተጠረገ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥርስ ሲነቀል «ተነግሮህ ነበር» ይላሉ። የሚገርመው ግን እነዚህ ግዴታ ያደረጓቸው መደበኛ ምርመራዎች ራሳቸው በዋናው ፖሊሲ አይከፈልላቸውም። «ዌልነስ» የሚባል ሌላ ጥቅል አለ፣ እሱ ለብቻው ነው፣ በትክክል ሲታይ ኢንሹራንስም አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ግን «ቀድሞ የነበረ ሕመም» የሚባለው አንቀጽ ነው። ሕመሙ ስም ባይወጣለትም ምልክቱ ፖሊሲው ከመጀመሩ በፊት ወይም በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ከታየ አይሸፈንም። ምልክት ማለት ደግሞ ፋይል ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ነው። «በግራ እግሩ ትንሽ ያነክሳል» የምትል ግማሽ መስመር ከሁለት ዓመት በኋላ የአንድ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ትበላለች። በአንዳንድ ፖሊሲ ደግሞ የሁለተኛውንም ጉልበት፤ አንዱ ከታመመ ሌላውም ይከተላል ብለው ስለሚያስቡ።

ይሄ አንቀጽ ክፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እድር ያለበት ቤት ያደገ ሰው ሊገባው ይገባል። ሰው ጣር ላይ ሆኖ ቤተሰቡ ሮጦ እድር ልመዝገብ ቢል የትኛው ዳኛ ይቀበላል? ዘግይቶ የሚገባ መግቢያ ይከፍላል፣ መዋጮ ያቋረጠ ድንኳን አያገኝም። ልዩነቱ የእድሩ ዳኛ ጎረቤትህ መሆኑ ነው፤ አባትህ መቼ እንደታመመ ከፋይል አያነብም፣ በመንገድ ሲያልፍ አይቶታል።

ታሪኩም ከኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም። ስዊድን ውስጥ የእንስሳት መድን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲጀመር ለፈረስና ለከብት ነበር፤ ውሻ የገባው በ1924 ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የውሻ ፖሊሲ በ1982 የተሰጠው በቴሌቪዥን «ላሲ»ን ለሚተውነው ውሻ ነበር። ቦረናም ከ2012 ጀምሮ የከብት መድን አለ፤ እሱን ለብቻው እወደዋለሁ። ማንም ላሟን አይመረምርም፣ ፋይል አይጠይቅም። ሳተላይት ሳሩን ከላይ ያያል፤ መሬቱ ከልኩ በታች ከደረቀ አርብቶ አደሩ ይከፈለዋል። የአንተ ላም ብትሞትም ባትሞትም። ለውሻ ግን ሳተላይት የለም። ያለው ፋይሉ ነው፣ ፋይሉን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን ስለ መቻል ልንገራችሁ።

መቻል 14 ኪሎ የሚመዝን፣ ዘሩ የማይታወቅ፣ አሥር ዓመት የሆነው ቡናማ ውሻ ነው። የገዛው ልጅየው ነበር፤ ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ ሲሄድ ውሻው እናቱ ጋር ቀረ። እናትየው መጀመሪያ ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን ራሱ አይወዱትም ነበር። አሁንም ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ክፍል አይገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል። ልጁ ያወጣለትን የፈረንጅ ስም ትተው «መቻል» አሉት፤ ስሙ ለማን እንደተወረወረ አልጠየቅኳቸውም። አገር ቤት የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ ደብዳቤ እንደሆነ አውቃለሁ።

ክሊኒኩ ፋይል ላይ ግን ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፈረንጆቹ «ማይክል» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እናትየው ማይክል ማለት ሚካኤል መሆኑን ሲሰሙ ደነገጡ። «ልጄ፣ በልደታ፣ ውሻ በመልአክ ስም አይጠራም። አስተካክዪልኝ» አሉኝ። አጻጻፉን ቀየርኩት። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ልጁ ከቴክሳስ ሆኖ ኢንሹራንስ ገዛለት። ለአሥር ዓመት ውሻ የሚገኘው ምርጫ ጠባብ ነው፤ አንዳንዶቹ አዲስ አሮጌ ውሻ አይመዘግቡም፣ የሚመዘግቡትም ይወደዳሉ። በወር 71 ዶላር፣ መጀመሪያ ከራስ የሚከፈል 500 ዶላር፣ ከዚያ ከሚተርፈው 80 በመቶውን እነሱ። ውሉ ኦገስት 1 ጀመረ። ለሕመም የመጠበቂያ ጊዜ 14 ቀን። እና አንድ ግዴታ፦ በ30 ቀን ውስጥ ሙሉ የሐኪም ምርመራ።

ግዴታውን ለመፈጸም ኦገስት 25 መጡ። ሐኪሟ ጠየቀች፣ እኔ አስተረጎምኩ። ይበላል? ይበላል። ያስታውከዋል? የለም። ውሃስ? «ውሃማ ሰሞኑን አልጠግብ ብሏል» አሉ እናትየው። ቃሉን እንዳለ አደረስኩ፣ ሐኪሟም እንዳለ ጻፈችው። ሽንቱ ውስጥ ስኳር ተገኘ፣ ደሙ ውስጥ ደግሞ ከልክ ያለፈ። ስኳር በሽታ። ደም ውስጥ የበዛው ስኳር በሽንት ሲወጣ ውሃውን ይዞ ይወጣል፤ ውሻው የሚጠጣው ለዚያ ነው። ውሻ ላይ ይሄ በሽታ በክኒን አይያዝም፤ በየ12 ሰዓቱ ኢንሱሊን መወጋት ነው፣ ዕድሜ ልክ።

የመጀመሪያው ሂሳብ፣ ሆስፒታል ያደረበትን ጨምሮ፣ 1,840 ዶላር መጣ። ከፈሉ። ፎርሙን ሞልቼ ላክሁ። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፦ አይሸፈንም። ምክንያት፦ ኦገስት 25 የተጻፈው ማስታወሻ ውሻው «ሰሞኑን» ብዙ ውሃ ይጠጣ እንደነበር ስለሚያሳይ፣ ምልክቱ የጀመረው ኦገስት 15 ሽፋኑ ከመጀመሩ በፊት ነው።

አንድ ቃል። በአሥር ቀን ልዩነት። ነገሩ 1,840 ዶላር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር። ስኳር «ቀድሞ የነበረ» ተብሎ ከተመዘገበ ከሱ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይወጣል፦ ኢንሱሊኑ፣ መርፌው፣ በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ፣ ከሁሉ በላይ ዓይኑ። ስኳር የያዛቸው ውሾች አብዛኞቹ የዓይን ሞራ ይይዛቸዋል፣ ቶሎም ይታወራሉ። የሞራ ቀዶ ሕክምና ዋጋ እናትየው በሰው ቤት አረጋውያንን ጠብቀው በወር ከሚያገኙት ይበልጣል።

በማግስቱ ብቻቸውን መጡ። ቆጣሪው ላይ ጎንበስ ብለው፣ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው በሌለበት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያቺን ቃል አጥፊልኝ።»

«እማማ፣ አይቻልም።»

«ስሙን አስተካክለሽ የለ? ይቺንም እንደሱ አስተካክያት። እኔው ያልኩት፣ አንቺው ያስተረጎምሽው። የማን ናት?»

እውነት ለመናገር ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። የስም ፊደል እና የበሽታ ምልክት በእሳቸው ዓይን አንድ ወረቀት ላይ ያሉ ሁለት ቃላት ናቸው። በሕግ ግን የሕክምና መዝገብ አይደለዝም፤ ቀን ተጽፎበት ተጨማሪ ማስታወሻ ነው የሚገባው፣ የድሮው እንዳለ ሆኖ። ሐኪሟ ፈቃዷን ታጣበታለች፣ እኔ ደግሞ ገና ያላገኘሁትን። አስረዳኋቸው። ዝም ብለው አዩኝ። አገሬ ላይ ይሄን ዓይነት አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዘመድ መስለሽኝ ነበር የሚል ነው።

ሐኪሟ ግን ጥሩ ነገር አለች፦ «ሰሞኑን ማለት መቼ እንደሆነ ጠይቂያቸውና ዛሬ ባለው ቀን ተጨማሪ ማስታወሻ እጽፋለሁ።»

ጠየቅኋቸው። እናትየው ቀን የሚቆጥሩት በኦገስት አይደለም። «ፍልሰታ ነበር» አሉ።

ሆዴ ተገላበጠ። ፍልሰታ የገባው ነሐሴ 1 ነው፣ ማለትም ኦገስት 7፤ የተፈታው ነሐሴ 16፣ ኦገስት 22። ሽፋኑ የጀመረው ኦገስት 15፣ ነሐሴ 9 ላይ ነው፤ ጾሙን ለሁለት ይከፍለዋል። «ሲገባ» ካሉ አለቀ። «ሲፈታ» ካሉ መቻል ዓይኑ ተረፈ። «ፍልሰታ ሲገባ ነው ሲፈታ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ድምፄን እንደ ግድግዳ ለማድረግ እየሞከርኩ። እሳቸውም መልስ ከመስጠታቸው በፊት ፊቴን አዩ። የትኛው እንደሚሻል ከፊቴ ላይ ሊያነቡ። ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ ቆይተው። «ጾሙ ሲፈታ ቤት ስውል ነው ያየሁት። ሳህኑን ሞላሁለት፣ ጨረሰ፣ ደግሞ ሞላሁለት። ከዚያ በፊትማ ሁለቱንም ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ውሃውን የምትሞላለት የጎረቤት ልጅ ነበረች።»

የጎረቤቷን ልጅ በስልክ ጠየቅናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሳህን ሞልታለች፣ ስንቴ እንደሆነ አታስታውስም።

ስለዚህ ማስታወሻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆነ። አንደኛ፦ ባለቤቷ ምልክቱን መጀመሪያ ያስተዋሉት ኦገስት 22 ነው። ሁለተኛ፦ ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ቀን ቀን ቤት ስላልነበሩ መቼ እንደጀመረ አያውቁም። ልጁ ከቴክሳስ ደወለ። ነገሩ ገብቶታል፣ ብልህ ነው። «ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ተዪያት» አለኝ። «ውሸት አይደለም'ኮ፣ አለመናገር ነው።» ስልኩ ለሁላችን ክፍት ነበርና እናትየው ቀደሙኝ። «እመቤቴን ብዬ በጾምኩበት ሱባዔ ነው የምትዋሹብኝ?» አሉ። በማግስቱ ቃል አጥፊልኝ ያሉት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ይሄ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ለእኔ ግን አልተጋጨብኝም። ቃሏን ማጥፋት ለእሳቸው ልጅን መለመን ነው። በፍልሰታ ስም መመስከር ሌላ ነው።

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ሄዱ። ኩባንያው እንደገና እምቢ አለ፤ ምልክቱ በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ጀምሮ «ሊሆን ይችላል» ብሎ።

ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይተወዋል። ነገር ግን በ2022 የአሜሪካ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ለእንስሳት ኢንሹራንስ ሞዴል ሕግ አውጥቷል። ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው ሲያጸድቁት ነው የሚሠራው፤ የምኖርበትም ይሄን መሰል ሕግ አለው። እዚያ ውስጥ ለአሮጌ ውሻ ባለቤት ከወርቅ የሚበልጥ አንድ መስመር አለ፦ ሕመሙ ቀድሞ የነበረ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የኩባንያው ነው። የባለቤቱ አይደለም። «ሊሆን ይችላል» ደግሞ ማስረጃ አይደለም። ያቺ ልጁ ይቅር ያላት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር፣ «አያውቁም» የምትለው፣ ጠቃሚዋ እሷ ሆነች፤ እሳቸው ካላወቁ ኩባንያው ከየት አወቀ? ይሄንኑ ጽፈን ለክፍለ ግዛቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገባን። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጠበቃ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በሰባተኛው ሳምንት ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ፤ ውሳኔውን «በበጎ ፈቃድ» እንደገና አይቶታል። በጎ ፈቃዱን ይባርክለት። ከ1,840 ላይ 500ው ሲነሳ 1,340 ቀረ፣ የሱ 80 በመቶ 1,072 ዶላር በቼክ ተላከ።

ብዙም ሳይቆይ የእድሳት ደብዳቤ መጣ። ከ71 ወደ 96 ዶላር። ልጁ ተናደደ፤ ሌላ ኩባንያ ልፈልግ አለ። አትፈልግ አልኩት። ሌላ ቤት ከሄደ ስኳሩ በአንድ ሌሊት «ቀድሞ የነበረ» ይሆናል፤ የታመመ አሮጌ ውሻ ያለበትን ኩባንያ ለቆ መውጣት አይችልም፣ እነሱም ያውቁታል። አሮጌ ውሻ ያላችሁ ሰዎች የመጀመሪያውን ኩባንያ ስትመርጡ የዛሬውን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ በዕድሜ ምን ያህል እንደሚጨምሩ በጽሑፍ ጠይቁ። ዕድሜው ገና ከሆነ ዛሬ መዝግቡት። ብቻውን ያረጀና ብዙ የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ አረቦኑን በየወሩ ለብቻው ማስቀመጥ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይሄን ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው አይነግራችሁም።

መቻል አሁን ክብደቱ ተመልሷል። አንድ ዓይኑ ትንሽ ደመና ጀምሮታል፣ በየሦስት ወሩ እናየዋለን። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ከሽሮው ጎን ይቀመጣል። ሐኪሟ «ጠዋት ስድስት፣ ማታ ስድስት» ስትል በኛ ሰዓት 12 እና 12 ስለሆነ እናትየው አንድም ቀን አልተምታታባቸውም። መርፌውን ከኔ ይልቅ ቀስ አድርገው ነው የሚወጉት።

በመጨረሻው ቀጠሮ ከቦርሳቸው የተማሪ ደብተር አወጡ። እያንዳንዱ ገጽ ተሰምሯል። «ኅዳር 3፣ ጠዋት 12፣ በላ፣ ተወጋ፣ ውሃ አንድ ሳህን ተኩል። ማታ 12፣ በላ፣ ተወጋ፣ ውሃ አንድ ሳህን። ኅዳር 4፣ ጠዋት ትንሽ አነከሰ፣ ከሰዓት ተወው።» ሁሉም በኛ አቆጣጠር። ለፋይሉ ወደ ፈረንጅ ቀን መመለስ የኔ ሥራ ሆነ። ኅዳር 4 ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ጻፊው» አሉ። «ቀኑ አለው።»